የትምህርት ቤት አትክልት ቦታ አጀማመር

ለአትክልት የሚመረጠው መሬት በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውኃ የማይተኛበትና ለቧንቧ ቅርብ የሆነ ሊሆን ይገባል። የውኃው ቅርበት በተለይ ሊናቅ አይገባም፤ ባልዲ ተሸክሞ መመላለስ የሰለቸው ልጅ ችግኙንም ይረሳዋልና። የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር ካልበለጠ፣ ልጆች አፈሩን ሳይረግጡ ከሁለቱም ጎን መሐሉ ድረስ መሥራት ይችላሉ።

በመጀመሪያ ፍጅል (ሥሩ የሚበላ አትክልት) ቢዘራ ይመረጣል፤ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ስለሚደርስ የልጆችን ትዕግሥት አይፈታተንም። ዘሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ፈር ከተዘራ በኋላ፣ ቡቃያው ብቅ ሲል በመካከሉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እስኪኖር ድረስ ትርፉ እየተነቀለ መሳሳት አለበት። የበቀለን መንቀል ለልጆች ጭካኔ ይመስላቸዋል (ለአንዳንድ መምህራንም እንዲሁ)። ስለዚህ አንድ ጥግ ሳይሳሳ ቢተውላቸው፣ በምርት ቀን የቀጠነውን ሥር ከደነደነው ጎን አስቀምጠው ምክንያቱን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ከመቅመሳቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና፣ ምርቱንም በንጹሕ ውኃ ይጠቡ። መምህሩ «ብሉ» እያለ ከሚጫናቸው ይልቅ፣ ትንሽ ቁራጭ ቀምሰው ጣዕሙን በራሳቸው ቃል እንዲገልጹ ቢጠይቃቸው ይሻላል፤ «አልወደድኩትም» የሚለውም ተገቢ መልስ ነው።