ኤትና ሮሶ ከገዛችሁ፣ ፍሪጅ አይቅርበት
ፒያሳ አካባቢ ካሉ መጠጥ መሸጫዎች ኤትና ሮሶ የተባለውን የጣሊያን ቀይ ወይን ካገኛችሁ፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ዳር የቆመውን ተዉት። ቡሹ ወደ ውጭ ገፋ ብሎ ከታየም አትግዙ፤ ሙቀት መትቶታል። ይህ በሲሲሊ ደሴት፣ በኤትና እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ የሚመረት ወይን ቢያንስ 80 በመቶው ኔሬሎ ማስካሌዜ የተባለ የወይን ዘር ነው። ቀለሙ ሳሳ ይላል፣ ውሃ የገባበት እንዳይመስላችሁ፤ ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው የወይን ንጥረ ነገር) ድድ ይይዛል። ከመክፈታችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ 16 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። አብዝቶ ከቀዘቀዘ ሽታው ይደበቃል፣ ታኒኑ ይመርራል፤ 20ን ካለፈ ደግሞ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። ብርጭቆውን ከሲሶ በላይ አትሙሉ። ከዶሮ ወጥ ጋር? ባይሆን ይሻላል፣ አልኮሉና ታኒኑ የበርበሬውን ማቃጠል ያብሱታል። የጥብስ ቅጠል የገባበት ለጋ ጥብስ ግን ልኩ ነው።