የስቱዲዮውን ናስ ከደንበኛው ዋይፋይ መለየት፦ ቪላን እንዴት ይዋቀራል?

ደሴ ፒያሳ ላይ ያለ የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ እናስብ። ሥራው ሁሉ የሚቀመጠው ኔትወርክ ላይ በተሰካ ስቶሬጅ፣ ማለትም ናስ ላይ ነው። ኤዲተሮቹ፣ የጥበቃ ካሜራዎቹና የደንበኛው ዋይፋይ ደግሞ አንድ መስመር ይጋራሉ። እንግዳ ተቀባይ ስለሆንን የዋይፋዩ ኮድ ለመጣው ሁሉ ይሰጣል። ቪላን አንዱን ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚሰኩበትን ሳጥን፣ እንደ ብዙ ስዊች ከፋፍሎ ይህን ያለያያል።

መጀመሪያ ስዊቹን እዩ። ተራው ርካሽ ስዊች ለዚህ አይሆንም። ኮምቦልቻም ግዙ ደሴ፣ 802.1ኪው የሚባለውን የቪላን ደረጃ የሚደግፍ መሆኑን አረጋግጡ። ራውተሩም እንዲሁ።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቪላን ቁጥር መድቡ። ከ1 እስከ 4094 ይቻላል። 1 ከፋብሪካ የሚመጣው ስለሆነ ተዉት። ለኤዲተሮች 10፣ ለካሜራ 20፣ ለደንበኛ 30 እንበል። አይፒውንም 192.168.10፣ 192.168.20 እያላችሁ አመሳስሉት። ግዴታ አይደለም፤ ግን በኋላ ችግር ስትፈልጉ ያግዛል።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። ናሱ ሁለት የኔትወርክ ፖርት ካለው አንዱን አትንኩት። ነገር ከተበላሸ መግቢያችሁ እሱ ነው።

ከናሱ በፊት ስዊቹን አዋቅሩ። ታግድ ማለት ዳታው የቪላን ቁጥሩን ይዞ ያልፋል ማለት ነው፤ አንታግድ ደግሞ ያለ ቁጥር። የናሱን ፖርት ለ10 እና ለ20 ታግድ አድርጉት። 30 እዚያ ምንም ሥራ የለውም። ወደ ራውተሩ የሚሄደው ፖርት ሦስቱንም ታግድ ይይዛል። የኤዲተሮቹ ፖርት በ10 አንታግድ ይሆናል፤ የካሜራዎቹ በ20፣ የደንበኛው ዋይፋይ በ30። ብዙ ስዊች ላይ ፒቪአይዲ የሚባለውን፣ ያለ ታግ የገባ ዳታ የሚመደብበትን የቪላን ቁጥርም ለብቻው መቀየር አለባችሁ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይቺን ነው፤ ከዚያ «ቪላኑ አልሠራም» ይላል።

ወደ ናሱ እንምጣ። የናሱ ሲስተም ትሩናስ ከሆነ ኔትወርክ ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ኢንተርፌስ ጨምሩ። ዓይነቱን ቪላን በሉት፣ ኬብሉ የተሰካበትን ፖርት ምረጡ፣ ታግ 10፣ አይፒ 192.168.10.5/24 ስጡት። ለ20ም ድገሙት። ለውጡን ስትሞክሩ 60 ሰከንድ ይጠብቃችኋል፤ ካላጸደቃችሁት ራሱ ወደነበረበት ይመለሳል። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ! ሲኖሎጂ የተባለው ናስ ላይ ቦታው ኮንትሮል ፓነል፣ ኔትወርክ፣ ከዚያ የኢንተርፌሱ ማስተካከያ ነው።

ጌትዌይ፣ ማለትም ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫ የሆነውን የራውተሩን አይፒ፣ ለ10 ብቻ ስጡ። ካሜራዎቹና ናሱ 20 ላይ በቀጥታ ስለሚገናኙ እዚያ አያስፈልግም።

ከዚያ በደንበኛው ዋይፋይ ገብታችሁ 192.168.10.5ን ክፈቱ። ከተከፈተ ራውተሩ መሃል ሆኖ እያገናኛቸው ነው። የራውተሩ ፋየርዎል ላይ ከ30 ወደ 10 እና ወደ 20 የሚሄደውን ዝጉ። የናሱ የአስተዳደር ገጽም በ10 ብቻ እንዲከፈት አድርጉ፤ ካሜራ የናሱን ፓስወርድ መሞከሪያ ገጽ ማየት የለበትም።

በመጨረሻ ስዊቹ ላይ ሴቭ በሉ። አንዳንዱ ስዊች ሴቭ ካልተባለ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉንም ይረሳል። መብራቱን አትጠብቁ፤ ራሳችሁ ነቅላችሁ ሰኩትና ኤዲተሮቹ አሁንም ፋይላቸውን ማግኘታቸውን እዩ።