ረጅም ርቀት ስትሮጡ የጎን ውጋት እንዳይዛችሁ

ትንፋሻችሁ ደህና ነው። እግራችሁም ገና አልዛለም። ድንገት ግን ከጎድን አጥንት ሥር ጨምድዶ ይይዛችኋል። ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ነው። አንዳንዱን ሰው ትከሻው ጫፍ ላይ ጭምር ያመዋል። ውጋት ጤነኛ ሰው ላይ አደገኛ አይደለም፤ ግን ስንት የተለፋበትን ሩጫ ያበላሻል።

ስለ መንስኤው ተመራማሪዎች እስካሁን አልተስማሙም። አንዳንዶቹ የምንተነፍስበት ጡንቻ፣ ዲያፍራም፣ በቂ ደም ሳያገኝ ሲቀር የሚመጣ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የሆድን ግድግዳ ከውስጥ የሸፈነው ስስ ሽፋን በመፋተግ ሲቆጣ ነው ይላሉ። ሆድ ሲሞላ ውጋት የሚብሰው ለዚህ ነው የሚሉት እነሱ ናቸው። የቱም ልክ ቢሆን፣ ትልቁ የመከላከል ሥራ ያለው ጫማ ከማሰራችሁ በፊት ነው።

1. ሰዓቱን ከሆዳችሁ ጋር አስማሙ

ጠገብ ብላችሁ ከበላችሁ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሳይሞላ አትሩጡ። ቅባት የበዛበት ምግብ፣ ባቄላና ጥሬ አትክልት ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወጡ ለሌላ ሰዓት ይቆዩ። ርቧችሁ ከሆነ ግማሽ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ይበቃል።

ምግብ ላይ የሚጠነቀቅ ሰው እንኳ መጠጥ ላይ ይዘናጋል። ጭማቂና ለስላሳ ስኳራቸው ብዙ ስለሆነ ጨጓራ ውስጥ ይቆያሉ፤ ውጋት በመቀስቀስም የታወቁ ናቸው። ከሩጫ በፊትም ሆነ በመሀል ተዉአቸው። ውሃ ግን አትፍሩ፤ መጠማትም ሌላ ጣጣ አለው። ችግሩ አንድ ጠርሙስ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ነው። ቀኑን ሙሉ በደንብ ጠጡና ስትሮጡ ትንሽ ትንሽ እየተጎነጫችሁ ቀጥሉ።

የሰው ሆድ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ውጋት በያዛችሁ ቀን ምን እንደበላችሁ፣ ምን እንደጠጣችሁና ስንት ሰዓት ላይ እንደነበር ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ስታነቡት ጥፋተኛው ራሱ ይታያችኋል። ለውድድር ቀን ደግሞ በልምምድ ያልሞከራችሁትን ምግብ በፍጹም አትብሉ።

2. ሰውነታችሁን አሟሙቁ

10 ደቂቃ ይበቃል። በፈጣን እርምጃ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ዱብ ዱብ እለፉ።

3. መነሻው ላይ ራሳችሁን ያዙ

ብዙ ሰው የሚንቀው ምክር ይሄ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማምንበት ነው። መጀመሪያ ላይ ጉልበት ሙሉ ስለሆነ ሁሉም ይከንፋል። ትንፋሽ ያጥራል፣ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ከዚያ ውጋቱ ይመጣል። መለኪያው ቀላል ነው። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታለከልኩ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ፍጥነት መጨመር የምትፈልጉ ከሆነ ቀስ በቀስ ጨምሩ።

4. በሆዳችሁ ተንፍሱ

ቤት ውስጥ በጀርባችሁ ተኙና እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። አየር ስታስገቡ መነሳት ያለበት ሆዳችሁ እንጂ ደረታችሁ አይደለም። ይህን ተኝታችሁ ከለመዳችሁት በኋላ በእርምጃ፣ ከዚያም በዝግታ ሩጫ ሞክሩት። አንዳንድ ሯጮች ሦስት እርምጃ እያስገቡ ሁለት እርምጃ ያስወጣሉ። እንዲህ ሲሆን ትንፋሽ የሚወጣው ሁልጊዜ በአንድ እግር ላይ አይሆንም። የሚመቻችሁ ከሆነ ያዙት፤ ካልሆነ ረጋና ጠለቅ ያለ ትንፋሽ ዋናው ነው።

5. ወገብና ሆዳችሁን አጠንክሩ

ጎብጦ መሮጥ ከውጋት ጋር ይያያዛል። ትከሻችሁን ልቀቁ፣ ቀና በሉ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ብትሠሩ ድካም ሲመጣም ቀና ብሎ መቆየት ይቀልላችኋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከያዛችሁ

ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ ካስፈለገ በእርምጃ ሂዱ። የሚያመውን ቦታ በጣታችሁ ጫን አድርጉና ወደ ፊት ትንሽ ጎንበስ በሉ። ከንፈራችሁን ሾል አድርጋችሁ አየሩን በዝግታ እስከ መጨረሻው አስወጡ። ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቃል። ሲለቃችሁ ወዲያው ወደ ቀድሞ ፍጥነታችሁ አትመለሱ፤ ተመልሶ ይይዛችኋል።

አርፋችሁም የማይለቅ፣ ሳትሮጡ የሚመጣ ወይም ትኩሳትና ማስመለስ ያለው ሕመም ግን ውጋት ነው ብላችሁ አትለፉት። ሐኪም ይየው። ሕመሙ ደረት ላይ ከሆነ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ ወይም ራስ ካዞራችሁ ሩጫውን እዚያው አቁሙና አስቸኳይ ሕክምና ፈልጉ።