በጀርመን አዲስ ነዋሪ ሲሆኑ፦ ከአድራሻ ምዝገባ እስከ ግብር ቁጥርና ጉምሩክ

በጀርመን ኑሮ የሚጀምር የውጭ አገር ሰው ግብርንና ጉምሩክን የማይገናኙ ጉዳዮች አድርጎ ቢያስባቸው አይገርምም፤ ሆኖም ሁለቱም ዘንድ ሲቀርቡ መጀመሪያ የሚጠየቁት አድራሻዎን ያስመዘገቡበትን ማስረጃ ነው። «አንሜልዱንግ» የሚባለውን ይህን ምዝገባ ቤት በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ መፈጸም የሕግ ግዴታ ነው። ፓስፖርትዎንና አከራይዎ ፈርሞ የሚሰጥዎትን የመኖሪያ ማረጋገጫ ይዘው በከተማው የነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮ ይቅረቡ፤ የኪራይ ውሉ ብቻውን አይበቃም። በትልልቅ ከተሞች ቀጠሮ ቶሎ ስለማይገኝ የመግቢያ ቀንዎ እንደታወቀ ቀጠሮ መያዝ ይበጃል።

በምዝገባው ቅጽ ላይ ሁለት ነገሮችን ረጋ ብለው ይሙሉ። የመጀመሪያው ስምዎ ነው፤ በእኛ ልማድ የቤተሰብ ስም የሚባል ስለሌለ፣ በፓስፖርትዎ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈው ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠሩበት ይሆናል። አንዲት ፊደል እንኳ ከፓስፖርቱ ብትለይ ባንኩም አሠሪውም ግብር ቢሮውም ዘንድ ትከተልዎታለችና፣ የተሰጠዎትን ወረቀት ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡት። ሁለተኛው የሃይማኖት ጥያቄ ነው። ግብር ቢሮው ለካቶሊክ፣ ለወንጌላዊትና ለተወሰኑ ሌሎች የእምነት ተቋማት የቤተ ክርስቲያን ግብር ይሰበስባል፤ መጠኑ በባየርንና በባደን-ቩርተምበርግ ከገቢ ግብሩ ላይ 8 በመቶ፣ በሌሎቹ ክፍላተ ሀገር 9 በመቶ ነው። ስለዚህ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል እንደሆኑ በትክክል ይጻፉ እንጂ «ክርስቲያን» ብለው ምርጫውን ለጸሐፊው አይተዉለት፤ ከተመዘገቡ በኋላ ከአባልነት ለመውጣት ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሥርዓት መፈጸም ያስፈልጋል።

ምዝገባው ካለቀ በኋላ ባለ 11 አኃዝ የግብር መለያ ቁጥር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በፖስታ ይላካል። እኔ ይህንን ደብዳቤ በከንቱ ስጠብቅ ሰነበትሁ፤ በፖስታ ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው የአከራዬ ስም ብቻ ስለነበር ደብዳቤው ወደ ላኪው ተመልሶ ነበር። ስምዎን በፓስፖርቱ አጻጻፍ በሣጥኑና በደወሉ ላይ ገብተው ባደሩ ማግስት ይለጥፉ። ቁጥሩ ዕድሜ ልክ የማይለወጥ ሲሆን ለአሠሪዎ የሚሰጡትም እሱን ነው፤ ሳይደርሰው ከ3 ወር በላይ ከዘገየ አሠሪው ከፍተኛ ግብር በሚቆረጥበት በግብር ምድብ 6 ሊያሰላልዎት ይገደዳል። በግል ሥራ የሚተዳደር ሰው ግን «ሽቶየርኑመር» የሚባል ሌላ ቁጥርም ያስፈልገዋል፤ ለዚህም ሥራ በጀመረ በአንድ ወር ውስጥ «ኤልስተር» በተሰኘው የመንግሥት የበይነ መረብ አገልግሎት የግብር ምዝገባ መጠይቁን ለግብር ቢሮው («ፊናንስአምት») ያቀርባል። የኤልስተር ማስከፈቻ ኮድም ከፊሉ በፖስታ ስለሚመጣ አስቀድመው ይጠይቁት። በጀርመን የሚኖር ሰው በመርሕ ደረጃ በሌላ አገር ያለውን ገቢ፣ ለምሳሌ የቤት ኪራይን ጭምር የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ብዙዎች ዘግይተው ነው የሚረዱት።

ወደ ጉምሩክ ስንመጣ፣ ኑሮውን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ወደ ጀርመን የሚያዛውር ሰው የቤት ዕቃውን ያለ ቀረጥ ማስገባት ይችላል፤ ይህም ቢያንስ 12 ወር ከኅብረቱ ውጭ የኖረ፣ ዕቃውንም ቢያንስ 6 ወር የተገለገለበት ከሆነና ከመጣ በ12 ወር ውስጥ ካስገባው ነው። አልኮልና ትምባሆ በዚህ ነፃ መብት አይካተቱም። ዝርዝሩን ከመላክዎ በፊት ያዘጋጁ፤ «ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ እያንዳንዱን ካርቶን ቆጥረው ውስጡ ያለውንና ግምቱን ቢጽፉ ፍተሻው ይቀልላል። የግዢ ደረሰኝ ካለ አብሮ ይያያዝ።

በነፃ የገባውን ዕቃ፣ በተለይ መኪናን፣ ጉምሩኩን ሳያሳውቁ ለ12 ወር መሸጥ፣ ማከራየት ወይም ማዋስ አይፈቀድም፤ ቢደረግ ቀረጡ ይጠየቃል። ስለዚህ ጉምሩኩ የሰጠዎትን የማስገቢያ ወረቀት ከመኪናው ሰነዶች ጋር ቢያንስ እስከዚያ ድረስ አብረው ያቆዩት።