ጦርነትን በአህያ ጀርባ፦ ከሐረር እስከ ድሬዳዋ ለልጆች ልብ ወለድ ለመጻፍ

በእንስሳ ዓይን የጦርነት ታሪክ ለልጆች ስትጽፉ መጀመሪያ መወሰን ያለበት እንስሳዋ ምን እንደምትሸከም ነው። ስሟና ጠባይዋ ኋላ ይደረስበታል። እንስሳ ጦርነት መነሣቱን አታውቅም። የምታውቀው ጀርባዋ ላይ ያለው ነገር መለወጡን፣ ውሃ የሚያጠጣት እጅ መለወጡንና በሩ ባልለመደችው ሰዓት መከፈቱን ነው። እነዚህ ሦስቱ በትክክል ከተጻፉ የስምንት ዓመት ልጅ ጦርነቱን ራሱ ይደርስበታል፤ ማስረዳት አያስፈልገውም።

እዚህ የምንሠራበት ምሳሌ አንድ ነው፦ 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የምትሄድ ሴት አህያ፣ ስሟ ዳልቻ። የ1969/70ውን የሶማሊያ ወረራ ለሚመርጥ ሰው ስልቱ አይለወጥም። ግን ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በሁለቱም ከተሞች አሉ፤ እነሱን ሳይሰሙ ብዕር ማንሣት ነውር ነው።

ለምን አህያ?

አህያ በየቀኑ በጀጎል በሮች ትገባለች፣ ትወጣለች። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ግቢ ያውቃታል። ባለቤት ብትለውጥ ማንም አይገረምም፤ ፊቷ ቆሞ ምሥጢር ቢያወራም ማንም አይጠነቀቅም። ለተራኪ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ውሻ ብትመርጡ ግን ብዙው የሐረር ቤት ውሻን ወደ ውስጥ ስለማያስገባ ታሪኩ ደጅ ላይ ይቀራል። ግመል ለድሬዳዋ ቆላ ያምራል፤ የጀጎል ጠባብ መንገድ ውስጥ ግን ይቸገራል። በቅሎ ከሠራዊቱ ጋር ስለምትዘምት ታሪኩን ከከተማው ሕይወት ነጥላ ወደ ጦር ግንባር ትወስድባችኋለች። ጅብ ጀጎልን በሌሊት ከሁሉም በላይ ያውቃል፤ ነገር ግን ባለቤት የለውምና መለየት አያመውም፤ የልጆች መጽሐፍ ደግሞ ያለ መለየትና መገናኘት አይቆምም።

አንዴ አህያን ከመረጣችሁ አካሏን አጥኑ። የአገራችን አህያ ክብደቷ ወደ 100 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 50 ኪሎ ማለት የራሷ ግማሽ ነው። ዓይኖቿ በጎንና በጎን ስላሉ ከኋላዋ ያለውን ጭምር ታያለች። ቀይን ግን እንደኛ ለይታ አታይም። «ቀዩ እሳት» ብላ ማሰብ አትችልም፤ ሙቀቱንና ሽታውን ስጧት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ አህያ ስትደነግጥ እንደ ፈረስ አትሮጥም፣ ባለችበት ትደርቃለች። ሰው እልኸኛ ናት ይላታል። ቦምብ ሲወድቅ ስትጋልብ የሚያሳይ ምዕራፍ ከጻፋችሁ የጻፋችሁት ስለ ፈረስ ነው። መድረቋን ብትጠቀሙበት ግን ልጁ ለኮውን ሲጎትት እሷ አልንቀሳቀስ ማለቷ ራሱ ጭንቀቱን ይፈጥራል።

ቀኑን ከሦስት አቅጣጫ መቁጠር

የጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን የደበደቡት መጋቢት 20 ቀን 1928 ነው። ሠራዊቱ ሐረር የገባው ሚያዝያ 30፣ ድሬዳዋ ደግሞ በማግስቱ ግንቦት 1 ነው። በመካከሉ 40 ቀን አለ፤ መጽሐፉ የሚኖረው በነዚህ 40 ቀናት ውስጥ ነው። መነሻው ከታወቀ ቀጥሎ የዕለቱን ሕይወት ከቀን መቁጠሪያ ቆፍራችሁ አውጡ።

መጋቢት 20 እሑድ ነበር። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለዋለ ዕለቱ ከሆሣዕና በፊት ያለው የኒቆዲሞስ እሑድ፣ ዐቢይ ጾም ነው። ክርስቲያኑ ቤት ውስጥ ወተት የሚጠጣ አዋቂ፣ የቅቤ ሽታም አይኖርም። በሂጅራ አቆጣጠር ደግሞ የሙሐረም ወር የገባው አምስት ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ አሹራ፣ የሙሐረም አሥረኛው ቀን፣ ከድብደባው በኋላ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ላይ ይውላል። በሐረር በአሹራ ሌሊት ለጅብ በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርባል፤ ጅቡ ስንቱን እንደበላ አይተውም ዓመቱ እንዴት እንደሚሆን ይገምታሉ። ከተማዋ ከተደበደበች አራት ቀን በኋላ ያ ሌሊት ሲደርስ ገንፎ ያገነፋ ቤት ነበር ወይ? መልሱን የምትፈጥሩት እናንተ ናችሁ፤ ጥያቄውን ግን ታሪክ ራሱ ሰጥቷችኋል። እንዲህ ያለ ስጦታ በየመጽሐፉ አይገኝም።

ሂጅራው ሌላም ጥቅም አለው፤ የወሩ ቀን የጨረቃዋ ዕድሜ ነው። በድብደባው ሌሊት ጨረቃ ግማሽ ገደማ ናት፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። በአሹራ ሌሊት ለመሙላት ሦስት አራት ቀን ይቀራታል፤ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት መንገድ ታሳያለች። ሰዎች በጨለማ እንዲወጡ ከፈለጋችሁ ሰዓቱን በዚህ ለኩት።

እርሻውንም አትርሱ። መጋቢት ውስጥ የቆመ ማሽላ የለም፤ የሚዘራው ገና ነው። ብዙ ጸሐፊ ቤተሰቡን ከአውሮፕላን ሲያሸሽ «ሰው የሚውጥ ማሽላ» ውስጥ ይደብቃል፤ ያ የመስከረምና የጥቅምት ሥዕል ነው። በመጋቢት ማሳው ራቁቱን ነው፤ ያለው የአገዳ ክምር ብቻ ነው። መደበቂያ ማጣቱ ግን ታሪኩን ያጠነክረዋል፤ አገዳውም ለአህያ መኖ ነው።

መንገዱን በሰዓት መለካት

ከሐረር እስከ ድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተጫነች አህያ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ልጅና አሮጊት ካሉ 3 በሉ። ከሐረር ሐረማያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ሰባት ሰዓት ይወስዳል፤ ማደሪያው ሐረማያ ነው። ሐይቁ በኋላ ዘመን ደርቆ ነበር እንጂ በ1928 ውሃ ሞልቶት ነው፤ ዳልቻ ትጠጣ። ግን አህያ ያልለመደችውን ውሃ አሽትታ ልትተው ትችላለች፤ ይህ ብቻውን የአንድ ገጽ ትዕይንት ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ደንገጎ፣ በሦስተኛው ቁልቁለቱ።

ቁልቁለቱ ላይ ቆዩ። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። 800 ሜትር ሲወረድ ልብስ ይወልቃል፣ ግራርና ቁልቋል ይበዛል፣ ጭነቱ ወደ ፊት እየተንሸራተተ የአህያዋን ትከሻ ይመታል። የኋላ መጫኛ ያላጠበቀ ሰው አህያዋን ገጣባ ያደርጋታል። ወንዙ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ መሆኑን፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድሬዳዋ ሰማይዋ ጥርት እንዳለ ድንገት እንደሚሞላ አስታውሱ። ወቅቱ በልግ ስለሆነ ጎርፉን ብታመጡት ይታመናል። ከተማዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1895 ሲደርስ ነው፤ ባቡር ሰምታ ለማታውቅ አህያ የለገሃር የእንፋሎት ፉጨት ከአውሮፕላኑ የባሰ ሊያስፈራት ይችላል።

አንድ የሚደጋገም ስሕተት፦ ጸሐፊው አህያዋን ወደ ድሬዳዋ እየላከ በኤረር በር ያስወጣታል፤ ስሙ ስለሚያምር። ኤረር በር ወደ ምሥራቅ ነው። በሸዋ በር አስወጧት።

የጭነቱ ሰንሰለት

ምዕራፎቹን በክስተት አትከፋፍሉ፤ በጭነት ከፋፍሉ። ለምሳሌ በመጀመሪያው ምዕራፍ ዳልቻ ሁለት እስር ማገዶ ይዛ ፈረስ መጋላ ትደርሳለች፤ ጠዋቱ እንደ ሁልጊዜው ነው። በሁለተኛው ማገዶው ሳይሸጥ ተመልሳ ትወጣለች። ልጆች ይህን ያስተውላሉ፤ «ለምን አልገዙም?» ይላሉ፣ መልሱን ግን አትስጧቸው። በሦስተኛው ድብደባው ሲመጣ ማገዶው ይበተናል፣ ልጁም ይጠፋል። ከዚያ አንዲት አሮጊት ይጭኑባታል፤ ከማገዶው ይቀልላሉ። ስለ ረኃብ ከዚህ በላይ ቃል አያስፈልግም። ቀጥሎ ምንም የማትሸከምበት ምዕራፍ ይኑር፤ ባዶ ጀርባ ለአህያ ነፃነት አይደለም፣ ባለቤት የለሽነት ነው። ከዚያ የመንገዱ ጭነት ይመጣል፦ ምጣድ፣ እንስራ፣ ቁርበት፣ ከላይ የተኛ ሕፃን። ድሬዳዋ ላይ ውሃ። በመጨረሻ ማገዶ ይመለሳል፤ ግን የሚያስረው እጅ ሌላ ነው።

እጁን በመጫኛው አሳዩ። እያንዳንዱ ሰው መጫኛ የሚስብበት፣ የሚቋጥርበት መንገድ አለው። ልጁ ሁለት ጊዜ ጠቅልሎ ጆሮዋን ዳሰስ የሚያደርግ ከሆነ በምዕራፍ አንድ ላይ ጻፉት፣ በምዕራፍ አምስት ላይ መቅረቱን ጻፉ፣ መጨረሻ ላይ ሲመለስ ስሙን መጥራት አያሻችሁም።

የድብደባው ገጽ ላይ አብዛኛው ሰው እንዲህ ይጽፋል፦ «ዳልቻ የፋሺስት አውሮፕላኖች ንጹሐንን ሲጨፈጭፉ አይታ በልቧ አለቀሰች።» ይህ የዜና ቋንቋ ነው፤ አህያዋ ውስጡ የለችም። በምትኩ፦

«ጆሮዋን አቀናች። ንብ ነው? ንብ እንዲህ ሆድ አያንቀጠቅጥም። ልጁ ለኮውን ጎተተ፤ አልተንቀሳቀሰችም። መሬቱ አንድ ጊዜ ዘለለ። ጭስ ሸተታት፤ የማገዶ ጭስ አይደለም። ልጁ ለኮውን ለቀቀ። ልጁ ለኮውን ለቅቆ አያውቅም ነበር።»

ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፣ ደም የለም፣ ጠላት አልተጠራም። ለስምንት ዓመት ልጅ ልኩ ይህ ነው። ሬሳ ማሳየት ካለባችሁ ሽታውንና የማይነሣውን ጫማ አሳዩ፣ ቁስሉን አትዘርዝሩ። ምዕራፉን ግን በፍርሃቱ መካከል አትዝጉት፤ የማታ ንባብ ነውና ከመጨረሻው መስመር በፊት አንድ እጅ፣ አንድ ጭብጥ አገዳ ይድረሳት።

ጅቡን ጠላት አታድርጉት

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለውን ልጆች ሁሉ ስለሚያውቁ ጅብ ሲመጣ ልባቸው ይመታል። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ ተጠቀሙበት። ነገር ግን ጅቡን የወራሪው ምሳሌ ማድረግ በሐረር ምድር ትልቅ ስሕተት ነው። እዚህ ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ቆሻሻ ያጸዳል፤ ጂን ያባርራል የሚል እምነትም አለ። አህያዋ ትፈራዋለች፣ ከተማዋ ታከብረዋለች፤ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ ያዙ። ደግሞ ዛሬ ለጎብኚ የሚደረገውን ሥጋ የማጉረስ ትዕይንት 1928 ላይ አታስገቡ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

የዘመን ስሕተት ሁሉ ከእንዲህ ያለ ልማድ ይመጣል። ቢጫ ጀሪካን የለም፤ እንስራና የቆርቆሮ ጣሳ ነው። ባጃጅ የለም። ገንዘቡ ጠገራ ብር ነው፤ ሊሬ የሚመጣው ከግንቦት በኋላ ነው።

ቋንቋው

ዳልቻ የሰው ንግግር ምን ያህል ይገባታል? አንዴ ወስኑና አትለውጡ። ጥሩው ምርጫ ስሟንና አራት አምስት ትእዛዝ ብቻ እንድታውቅ ነው። የቀረው ድምፅ ነው፦ ኦሮምኛው፣ ሐረሪው፣ ሶማሊኛው፣ አማርኛው ሁሉ በዜማው ይለያል። «ጣሊያን» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ትስማው፣ ሰዎች በሚሉት ቁጥር ድምፃቸው ዝቅ እንደሚል ታስተውል። ከዚያ አልፋ ፖለቲካ ካወቀች መጽሐፉ ሞተ።

ሰዎቹ ግን እንደ ሰው ይነጋገሩ። ልጁ አሮጊቷን «አንቺ» አይላትም፤ «እማማ» ብሎ በአንቱታ ይናገራል። ጸሐፊ አህያዋን እያሰበ ሲጽፍ አንቱታው ይጠፋበታል፤ በተለይ ግሦቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። «አህያው» እና «አህያዋ» መደባለቅም በየረቂቁ ያጋጥማል።

ከ8 እስከ 11 ዓመት ላሉ አንባቢዎች አሥር ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ ከ600 እስከ 700 ቃል ይበቃል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ከረዘመ ይተኛሉ። ረቂቁን ለአምስት ስድስት ልጆች አንብቡላቸው፤ ቢቻል አንዱ ሐረሪ፣ አንዱ ኦሮሞ፣ አንዱ አማራ፣ አንዱ ሶማሌ ይሁን። አንዱ ልጅ አንገቱን ከደፋ ያ ገጽ ስለ ሕዝቡ የሚናገረው ነገር አለ፤ ጠይቁት። ሲያዛጉም መስመሩን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ አብዛኛውን ጊዜ አህያዋ ከአህያ በላይ ያሰበችበት ቦታ ነው።