የሆላንድን የቤተሰብ ሥዕል እንዴት እናንብብ

በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ዙሪያ የተሣሉትን ሥዕሎች እያየ ላደገ ሰው፣ ሥዕል እንደሚነበብ መንገር አያስፈልግም። ቅዱሳኑ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ፣ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን ፊት በአንድ ዓይን ብቻ እንደሚሣሉ ስለሚያውቅ፣ ማን ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ጽሑፉን ሳያይ ይለያል። ይኸው አስተዋይ ሰው ግን በስልኩ ላይ አንድ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሆላንድ የቤተሰብ ሥዕል ሲገጥመው፣ ጥቁር የለበሱ ባለጸጎች ተደርድረው ከማየት ያለፈ ነገር ሳያገኝበት ይቀራል። በደብረ ማርቆስ ሥዕል ሳስተምር ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። የጎደለው የሥዕሉ ፊደል እንጂ ማስተዋል አይደለም።

ፊደሉ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። የፕሮቴስታንቱ መምህር የካልቪን ትምህርት በሆላንድ ሲሰፍን ሥዕሎች ከአብያተ ክርስቲያናቱ ስለ ተወገዱ፣ ሠዓሊው እንጀራውን ከነጋዴውና ከከተማው ሹም መፈለግ ጀመረ፤ ምሳሌውም ከመቅደሱ ግድግዳ ወደ መኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ተሻገረ። በየቤቱም ሥዕልን ከግጥም ጋር አጣምረው ምግባር የሚያስተምሩ መጻሕፍት ይነበቡ ነበር፤ ከደራሲዎቻቸው መካከል ዝነኛው ያኮብ ካትስ ነው።

ንባብዎን ከሰዎቹ ይጀምሩ። እነማን ናቸው? ምን ዝምድና አላቸው? ሥዕሉ የተሠራው ለሠርግ ነው ወይስ ለሌላ ጉዳይ? የጎጃም ሰው የቅኔ አገር ሰው በመሆኑ፣ ምሳሌ ሲባል ወዲያው ወርቁን ለመፈለግ ይቸኩላል። በዋሸራ ወይም በጎንጅ ቅኔ የተማረ ግን ሰሙ በቅጡ ሳይያዝ ወርቁ እንደማይገኝ ያውቃል። በእነዚህ ሥዕሎች ነገሩ ከዚያም ይጠነክራል፤ ምክንያቱም በቅኔ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል፣ እዚህ ግን ሰሙ ገንዘብ የተከፈለበት የሰው ፊት ስለ ሆነ ከቶ መቅለጥ የለበትም። እናቲቱ ታማኝነትን ብታመለክትም እናትነቷን አትለቅም።

ቀጥሎ አቋቋማቸውንና እጃቸውን ይመልከቱ። በተለመደው ሥርዓት ባል በሚስቱ ቀኝ፣ ማለትም ከተመልካቹ በስተ ግራ ይሆናል፤ ቀኝ የክብር ቦታ ነውና። ቀኝ እጅ ከቀኝ እጅ ከተያያዘ የጋብቻ ቃል ኪዳን ነው።

ይህን ሁሉ ለመለማመድ ፍራንስ ሃልስ በ1622 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሣለው የይሳቅ ማሳና የቤያትሪክስ ፋን ደር ላን ሥዕል የሚሻል አላገኘሁም። ይሳቅ ከሩሲያ ጋር ይነግድ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ሁለቱ የተጋቡት በዚያው በ1622 ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ፈገግ ብለዋል፤ በዚያ ዘመን ባልና ሚስት እንዲህ ዘና ብለው መሣላቸው ብርቅ ነበር። ይሳቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል፤ ቤያትሪክስ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋለች፣ ቀለበቷም ይታያል። አሁን ዓይንዎን ወደ መሬት ዝቅ ያድርጉ። ከባልየው አጠገብ የእኛን ኮሸሽላ የሚመስል እሾሃማ ተክል በቅሏል፤ የሆላንድ ሰዎች ይህን ተክል የሚጠሩት «የወንድ ታማኝነት» በሚል ትርጉም ባለው ስም ነው። ከሚስቲቱ እግር ዘንድ ያለው የያዘውን የማይለቅ ሐረግ ደግሞ ጽኑ ፍቅርን ያመለክታል። ከኋላ ባለው የአትክልት ስፍራ የሚታዩት ጣዎሶች የጋብቻ ጠባቂ ተብላ በሮማውያን ትመለክ የነበረችው የዩኖ ወፎች ናቸው። እንግዲህ እጁም፣ ተክሉም፣ ወፉም አንድ ቃል ይናገራሉ።

ወይን ሲያዩ የዳዊት መዝሙርዎን ያስታውሱ። በእኛ ቁጥር 127ኛው መዝሙር ሚስትን በቤት ውስጥ በሚያፈራ ወይን፣ ልጆችን በማዕድ ዙሪያ በበቀለ ወይራ ይመስላል፤ የሆላንድ ቤተሰቦችም ይህንኑ መዝሙር በቃላቸው ያውቁት ነበር። የወይን ዘለላ በዘንጉ ተይዞ ከታየ ግን ሌላ ትርጉም ይጨመርበታል። ካትስ በ1618 ባሳተመው መጽሐፉ ዘለላውን በዘንጉ መያዝን የልጃገረድ ክብር ምሳሌ አድርጎታል፤ ፍሬው በእጅ ከተነካ ወዙ ይጠፋልና። ያገባች ሴት ስትይዘው በትዳር ውስጥ ያለ ንጽሕና ነው።

በልጆቹ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወንዶች ልጆች እስከ ስድስት ወይም ሰባት ዓመታቸው ቀሚስ ይለብሱ ስለ ነበር፣ ቀሚስ የለበሰ ሁሉ ሴት አይደለም። ሕፃኑ ሻኩራ ያለው፣ መርጃን የተባለ ቀይ የባሕር ድንጋይ የተሰካበት ማጫወቻ ይዞ ሊታይ ይችላል፤ መርጃኑ ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ልጇን ቡዳ እንዳይበላባት ክታብ ያንጠለጠለች እናት ይህን ያለ አስረጂ ትረዳዋለች። የታዘዘ ውሻ ወይም የተለጎመ ፍየል የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው። ከደመናው ላይ ክንፍ ያላቸው ሕፃናት ካዩ ግን ዝም ብለው አይለፏቸው፤ ብዙ ጊዜ የሞቱ ልጆች ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከቤተሰቡ ቁጥር እንዳይጎድሉ አስሥለዋቸዋል።

አንዳንዱ ሥዕል ከዚህም አልፎ ሙሉ ምሳሌ ይሆናል። ያን ሚንሴ ሞለናር በ1633 በሣለውና ዛሬ በአሜሪካ ሪችመንድ በሚገኘው ሥዕል፣ የተዋቡ ባልና ሚስት ከዘፋኞችና ከሙዚቃ ተጫዋቾች ጋር ይታያሉ፤ የዜማው መስማማት የትዳሩ መስማማት ነው። ወይን በጥንቃቄ የሚቀዳው ሰው መጠንን ማወቅን፣ የሚደባደቡት ሰዎች ቁጣን፣ ድመት ያቀፈው ጦጣ ልቅ ስሜትን ያሳያሉ። ያን ደ ብራይ ደግሞ በ1652 ወላጆቹንና ወንድም እህቶቹን በጥንቷ ግብፅ ንግሥት በክሊዮፓትራ ግብዣ ላይ አስቀምጦ ሣላቸው። በ1663ና በ1664 በወረደው ወረርሽኝ ወላጆቹና በርካታ ወንድም እህቶቹ አለቁ፤ እርሱ ግን በ1669 ያንኑ ግብዣ እንደገና ሣለው። ይህን ሁለተኛ ሥዕል ያለ ሐዘን ማየት አልቻልኩም።

ነገር ሁሉ ምሳሌ ነው ብለው ግን አይነሡ። በሆላንድ ሥዕል ጥናት ይህ ትልቅ ክርክር ነው፤ የሥዕል ታሪክ ምሁሩ ኤዲ ደ ዮንግ የተሰወረውን ትርጉም ሲገልጥ፣ ሌላዋ ምሁር ስቬትላና አልፐርስ በ1983 ሠዓሊዎቹ ዋነኛ ሥራቸው የሚታየውን ዓለም መግለጥ እንደ ነበር ተከራክራለች። እኔ የምከተለው የሽማግሌዎችን ደንብ ነው፦ ነገር በሁለት ምስክር ይጸናል። አንድ ውሻ ብቻውን ውሻ ነው፤ ውሻው ከተያያዙ እጆችና ከሐረግ ጋር ሲታይ ግን ታማኝነትን ይናገራል።

የሃልስ ሥዕል በአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል፤ እስከ ቀለበቷ ድረስ አጉልተው ያዩታል። ከዚያ በፊት ግን በቤትዎ ግድግዳ በተሰቀለው የፎቶ ቤት ሥዕል ላይ ይለማመዱ። በእኛ ቤት ባለው ፎቶ አባቴ ሰዓቱ እንዲታይ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀምጧል፤ እናቴ ከኋላው ቆማ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋለች፤ ታላቅ ወንድሜ ገና ፊደል ሳይቆጥር መጽሐፍ ይዟል። እነማን እንደ ሆኑ፣ እጃቸው የት እንዳለ፣ ምን እንደ ያዙ በወረቀት ይጻፉ፤ ከዚያ ወደ ቤያትሪክስ እጅ ይመለሱ።