ከተሠራ በኋላ የሚደረግ የጎርፍ ማስወገጃ መስመር ቅየሳ

የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ወይም ቱቦ ሲሠራ በዲዛይኑ ላይ የተሣለው መስመርና መሬት ላይ ያረፈው መስመር ሙሉ በሙሉ የሚገጥሙበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቁፋሮው አለት ያገኛል፣ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ መንገዱን ይዘጋል፣ ተቋራጩም ከአማካሪ መሐንዲሱ ጋር ተስማምቶ መስመሩን ያዞራል። አዝ ቢልት (እንደተሠራው) ቅየሳ ይህን ልዩነት በልኬት መዝግቦ መስመሩን ለሚረከበው አካል ማስረከብ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት መቼ እንደሚለካ ነው። ቱቦ የሚለካው ከተገጠመ በኋላ፣ አፈር ሳይመለስበት ነው። መረሬ አፈር በበዛበት የሰሜን ሸዋ ደጋ ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውኃ ስለሚይዝና ጠርዙም ስለሚናድ ተቋራጩ ለመሙላት ይቸኩላል፤ ስለዚህ ቀያሹ የየዕለቱን ሥራ በየዕለቱ መለካት ይኖርበታል። በአንድ ሥራ ላይ ዘግይተን በመድረሳችን የተቀበረ መጋጠሚያ ለማግኘት የተነጠፈ ኮብልስቶን ለማስነሣት ተገደናል።

ልኬቱ ዲዛይኑ ከተነሣበት ከዚያው ቤንች ማርክ፣ ማለትም ከፍታው ከታወቀ ቋሚ ምልክት፣ ይነሣ። ዲዛይኑ በአዲንዳን ዳተም (የካርታ ልኬት መነሻ ሥርዓት) እና በዩቲኤም ዞን 37 (በሜትር የሚቆጠር የካርታ መረብ) ከተሠራ ጂፒኤሱም በዚያው ይስተካከል፤ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84፣ እንዳለ ከተለካ መስመሩ ካርታው ላይ ከመቶ ሜትር በላይ ሸሽቶ ይገኛል። አግድሙን (የነጥቦቹን ቦታ) በቶታል ስቴሽን፣ ማለትም ማዕዘንና ርቀት በሚለካ መሣሪያ፣ ወይም በጂፒኤስ መልቀም ይቻላል፤ ከፍታውን ግን በሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ወስዶ የልኬቱን ዙር ተመልሶ መነሻው ቤንች ማርክ ላይ መዝጋት ይበልጥ ያስተማምናል።

ዋናው ቁጥር የኢንቨርት ከፍታ፣ ማለትም ውኃው የሚሄድበት የቱቦው የታችኛው ውስጠኛ ገጽ ከፍታ ነው። በእያንዳንዱ ማንሆል (የመስመሩ መፈተሻ ጉድጓድ) የገቢውም የወጪውም ቱቦ ኢንቨርት ለየብቻ ይለካል፤ ስታፉ (ከፍታ የሚነበብበት ባለ ቁጥር ዘንግ) ደለል ላይ እንዳይቆም ወለሉ አስቀድሞ ይጠረግ። ጥንቃቄው የሚያስፈልግበትን ምክንያት ስሌቱ ያሳያል፦ 30 ሜትር ርዝመት ያለውና በ0.5 በመቶ ተዳፋት የተነደፈ ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወርደው 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የላይኛው ጫፍ በ2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ተዳፋቱ ወደ 0.43 በመቶ ይወርዳል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ሜዳማ ከተማ ይህ ልዩነት ደለል እንዲቀመጥ በር ይከፍታል። እንደ ደብረ ሲና ባለ ቁልቁለት ደግሞ አደጋው የውኃው ፍጥነት ስለሆነ ውኃውን ለማብረድ በመስመሩ ላይ የሚሠሩት እርከኖች የላይና የታች ከፍታ አንድም ሳይቀር መመዝገብ አለበት።

ክፍት ቦይ ሲለካ የወለሉ ስፋት፣ ጥልቀቱና የግንቡ ጫፍ ከፍታ በየ20 ሜትሩ፣ እንዲሁም መስመሩ በሚታጠፍበትና ተዳፋቱ በሚለወጥበት ቦታ ሁሉ ይወሰዳል። የማንሆል ክዳን፣ የመንገድ ዳር ውኃ መቀበያና የሌሎች አገልግሎቶች መሻገሪያም አይዘለሉም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው መውጫው ነው። ቦዩ ወደ በሬሳ ወንዝ የሚወርድ ከሆነ ከመውጫው ኢንቨርት ሌላ የወንዙ ወለል፣ የዳርቻው ጫፍና የተደረደረው ድንጋይ የሚያበቃበት ቦታ ይለካ፤ ከቀጣዩ ክረምት በኋላ ዳርቻው ምን ያህል እንደተሸረሸረ ማወቅ የሚቻለው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

በመጨረሻው ሥዕል ላይ የዲዛይኑና የተለካው ከፍታ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ያልታየ፣ በግምት የተሣለ መስመር ካለ በተቆራረጠ መስመር ተለይቶ «አልተለካም» ይባልበት። ቤንች ማርኩ፣ ዳተሙ፣ የተለካበት ቀንና የቀያሹ ፊርማ በየገጹ ይስፈሩ፤ የመስክ ደብተሩም ሳይታረም ከሥዕሉ ጋር ይሰጥ።